ሞላ

ራስ አል ኸይማ፣ ዓርብ ከጁምዓ ወዲያ፣ የተኩስ ክበቡ ሰው ይሞላል፤
ማታ በአራት ሰዓት የመጨረሻው ላንድክሩዘር አቧራ አንሥቶ ይሄዳል።
እኔ ቀለሁን በባልዲ ለቅሜ፣
የጆሮ መከላከያዬን አንገቴ ላይ ጥዬ፣ ፊቴን ታጥቤ ከድካሜ፣
አርባ ሁለት የሽጉጥ ካዝና ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ እቀመጣለሁ፣
ከመሃላቸው የማይሞላውን ሞላ እፈልጋለሁ።

ሥራውን ያስተማረኝ ሼር ዘማን ነው፣ የፔሻዋር ሰው፤
ዐረብኛው ስብርብር፣ የእኔም ስብራት ከሱ የማያንሰው፤
እጁ ሲናገር ግን አንድ ቃል አይስትም።
«ባዶ መሆኑን እዪ፤ ደግመሽ እዪ፤ በጣትሽ ዳብሺ፤ ዐይን ብቻውን አይታመንም።
የታች ክዳኑን ቀስ ብለሽ ግፊ፣
አውራ ጣትሽን ከላዩ አታንሺ።
ሞላ የታፈነ ፍጥረት ነው፤ ፊት ከሰጡት ዐይን ያጠፋል።»

አንድ ቀን ዘነጋሁ።
ሞላው ኮርኒስ መትቶ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ገባ፤
ሼር ዘማን ወንበሩን ይዞ ሳቀ፣ ዐይኑ እስኪያነባ።
በደረቴ ተኝቼ፣ እጄን እስከ ብብቴ ሰድጄ
ሰባት ሞላ አወጣሁ፤
ስድስቱ ከእኔ በፊት የዘለሉ። ሳቁን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ሲመልስ አየሁ።

«ዘይት አታብዢ።
የባሕሩ ጨውና የበረሃው አሸዋ እዚህ አገር ተጋብተዋል፣
የከተማዋ ስምስ ድንኳን አይደል? ዘይት ያዩበት ላይ ይተክላሉ፣ ሰርጉም ይከርማል።
በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ ከአዲሱ ጎን አቁመሽ ለኪ፣
ካጠረ አትዘኚለት፣ ተኪ።
ጎትተሽ ላርዝምህ አትበዪው፤
በጉተታ የረዘመ ለአንድ ቅዳሜ ነው ዕድሜው።
የደከመውን መጨረሻው ላይ ታውቂዋለሽ፤
ዐሥራ አራቱን እየገፋ ያጎርሳል፣ ደህና ነው ትያለሽ፤
ዐሥራ አምስተኛዋ ላይ ጉልበት ይከዳዋል፣
ጥይቷ አፍንጫዋን ደፍታ ትቀራለች፣ ተኳሹም ሽጉጡን ይሰድበዋል።»

«የክበቡ ባለቤት» አልኩት፣ «በቤቱ የብረት ካዝና የቆለፈው ካዝና፣
ዓመት ሙሉ ጥይት እንደ ጎረሰ፣ ሞላው አይሞትም?»
ራሱን ነቀነቀ። «ደህና ብረት ተጭኖ መኖር ያውቃል፤
መመላለስ ነው የሚጨርሰው፤ ተጫን፣ ተለቀቅ፣ ተጫን፣ እንዲህ እያለ ያልቃል።»

ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ቆጠርኩ።
ዐሥራ አንድ ዓመት። ሦስቴ ከሚሴ ገባሁ፣ ሦስቴም ተመለስኩ።
በመጀመሪያው ከአውቶብሱ ዘልዬ ነበር የወረድኩት፤
በሦስተኛው እናቴ «አጠርሽ ልበል?» አለችኝ፤
«ጫማዬ ነው» አልኳት።
በስልክ «አንቺማ ሞልቶልሻል» ይለኛል ዘመድ፤
አዎ፣ አርባ ሁለት ሞላ አለኝ፤ የራሴ ግን የለም አንድ።

በመጋቢት ሼር ዘማንን ስልሳ ሞላው።
መሥሪያ ቤቱ የመኖሪያ ፈቃዱን አላደሰለትም።
የጮኸበት የለም፣ የገፋውም፤
የታች ክዳኑን ቀስ ብለው ሳቡለት፣
አውራ ጣት ግን ማንም አልደገፈበትም።
መለኪያውን ትቶልኝ ሄደ፣ ጫፉ በፕላስተር የታሰረ፤
ሻዩ በብርጭቆው ግማሽ ድረስ እንደ ቀረ።

አሁን ቢካስ የሚባል የኔፓል ልጅ አለ አጠገቤ።
«አውራ ጣትህን አታንሣ» እለዋለሁ፤ ያነሣል፤
ሞላው ኮርኒስ መትቶ ይዘላል።
እኔ ቀና ሳልል፣ የያዝኩትን እየለካሁ፣
«ከማቀዝቀዣው ጀርባ ነው» እለዋለሁ።
«ስታገኘው ቁጠር። አንድ ብቻ አይደለም።»