አሥራ ሁለት ወንበር

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ከዚራ፣ ከዛፉ ሥር፣
አሥራ ሁለት ወንበር ደረደርኩ፤
የተላከልኝ ስም አሥራ ሁለት ነበር።
ፕላስቲኩ ግሏል። ውኃ ረጨሁበት፤
ጠብታው ገና ሳይነካው ግማሹ ተነነበት።
«ሠርግ ነው ወይስ ሰደቃ?» አለ አስተናጋጁ።
«አንድ ድርጅት ያስተማረን ነን፣ ውጭ አገር፣ በየፊናችን…»
ስለው፣ ትሪውን ደረቱ ላይ ለጥፎ አየኝ፤
«ታዲያ ለምን ተመለሳችሁ?» አለኝ።

ትርንጎ ቀድማ መጣች፣ ከሳቢያን፣ በባጃጅ፤
ተጨባበጥን፣ ስሙን እንደረሱት ወዳጅ።
ሀንጋሪ ነው የከረመችው። ከተማው ደብረሰን ቢባል
እናቷ ገዳም መስሏቸው፣
ጧፍ ጠቅልለው ሰጥተዋት ነበር፣ ለታቦቱ እንድታደርስላቸው።
«አደረስሽ?»
«መብራት የጠፋ ለታ
ለፈተና አጠናንበት፣ ከአንዲት የቬትናም ልጅ ጋር፣ ማታ።
ሁለታችንም አለፍን። ለእናቴ ግን ደርሷል ብያለሁ።»

ሂቦ የእንስሳት ሐኪም ናት፤
ኢዝሚር አምስት ዓመት ሙሉ ድመት አከመች፣
ስትመለስ ግመል ጠበቃት።
ሬድዋን ከጉምሩክ በቀጥታ መጣ፤
«አቦ፣ ሙቀቱ!» አለ፤ ከዚያ ሌላ የሚለው አጣ።

ዝም አልን።
ሶዳው ብርጭቆ ውስጥ ብቻውን አወራ።
መዝገቡን ገለጥኩ፣ በማስመሪያ ያሰመርኩትን፦
ስም፣ የተማሩበት አገር፣ የጨረሱበት ዓመት፣
ወርኃዊ መዋጮ
(እዚህ ላይ ሁሉም ስልኩን አየ)።

ያኔ ነው ሰውዬው የመጣ፣
ጣቱ የሞተር ዘይት የጠገበ፣
ትከሻው ላይ ወፍራም ካፖርት ያነገበ፤
በግንቦት! በድሬ!
«ወንዳፍራሽ እባላለሁ» አለ፣ እንደቆመ፤
«ስብሰባው የተመረጡት ነው፣ ወይስ የሄዱት?»

ስሙን ፈለግኩ። አለ። ሰባተኛ።

ተቀመጠ፤ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ ነገረን፦
ደቻቱ በሌሊት የመጣ ክረምት
ቤቱን ጠረገው፣ ፓስፖርቱን ከነሣጥኑ።
ወንድሙን አሸዋ ውስጥ ሲፈልግ አሥራ አንድ ቀን ሞላው፤
አውሮፕላኑ በዘጠነኛው ሄደ።
ካፖርቱ ግን ተረፈ፤
ከታይዋን ገበያ ገዝቶት፣ እጅጌው ረዝሞበት፣
ልብስ ሰፊው ዘንድ ነበር፣ ሊያሳጥርለት።
«ወንድምህንስ?» ብሎ የጠየቀ የለም።

ሂቦ ተነሥታ ካፖርቱን ለበሰች፤
እስከ አንገቷ ቆለፈችና «እስከዚህ ነው» አለች፣
«በጥር፣ ነፋሱ ከባሕር ሲነሣ።»
ትርንጎ ተቀበለቻት፤ እኔም ለበስኩ፤
ላባችን ገበሩ ውስጥ ተደባለቀ።
የቁልፉ ቀዳዳ ገና ጣት ያስቸግር ነበር።

«በረዶው ድምፅ አለው?» አለ ወንዳፍራሽ።
ትርንጎ «አለው፤ ስትረግጠው እንደ ጨው ይንኮሻኮሻል።»
እኔ፣ የካዛኑ፣ «የለውም» አልኩ፤ «የሌላውን ድምፅ ነው የሚበላው።»
ሬድዋን አንገቱን ደፋ፤
«እኔ እንጃ። ፑኔ ነበርኩ። በረዶ የሚባል አላየሁም፤
እንዲያውም ከዚህ ይብስ ነበር ሙቀቱ።»
መጀመሪያ የሳቀው ወንዳፍራሽ ነው፤
ዛፉ ላይ ያደሩ ወፎች ተነሡ፣ ከሳቁ ጉልበት የተነሣ።

ከዚያ በኋላ ወሬው መያዣ አጣ፤
ኦሮምኛው ሶማልኛው ውስጥ ገባ፣ አማርኛው ሁለቱ ውስጥ፤
ስለ ዶርም አይጥ፣ ስለ ባዕድ አገር ጥርስ ሐኪም፣
ሳቢያን ላይ ወንዳፍራሽ ስለፈታው ባጃጅ።
መዋጮውን ረሳነው።
በሰባተኛው ረድፍ፣ «አገር» ከሚለው ሥር፣
ምንም አልጻፍኩም። ሰረዝም አላሰመርኩም።

መሸ። አስተናጋጁ ሰባቱን ባዶ ወንበር አንዱን ባንዱ ላይ ደረበ፤
ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ፦ «ይሄስ የማን ነው?»
ካፖርቱ ተቀምጧል፣ እጅጌዎቹን አንጠልጥሎ።
ረስቶት ይሁን ትቶት አላወቅኩም።
አጥፌ ክንዴ ላይ ጣልኩት፤
ባቡር ጣቢያውን ሳልሻገር ላብ አጠመቀኝ።
አንዱ ባለባጃጅ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ካፖርቱን አየ፣ እኔን አየ፤
«አቦ፣ ጉዞው ወዴት ነው?» አለኝ።
«ቅርብ ነው» አልኩት።