ቤት ያልመታች ኳስ

በኦርክኒ ደሴት፣ ከስኮትላንድ ማዶ፣
ዛፍ እንኳ በማይቆም ነፋሱን ተላምዶ፣
አሥራ ስምንት ጉድጓድ ካለው ከአንድ ሜዳ፣
ቶርፊን ኢስቢስተር አለበት የቆየ ዕዳ።
ዕዳው አንድ ሜትር ነው፤ ከዚያ አይበልጥም፤
ለሰው ቢነግሩት እንኳ ዕዳ አይመስልም።

ሁለት መቶ ሜትር አርቆ ሲልካት፣
እንደ ቤቷ ጓሮ መንገዱ አይጠፋት፤
ደጃፉ ስትደርስ፣ ክንድ ሲቀራት ብቻ፣
ከጉድጓዱ አፋፍ ዞር ትላለች ወደ ጎን።

አንባቢ፣ ይቅር በል፤ ስንኙ ቤት ሳተ፤
ቶርፊን በዚህ ነገር ስንት ዓመት ዋተተ!

አርባ ዓመት ሙሉ የጀልባ መካኒክ ነው፤
በጨለማ ብሎን በጣቱ የሚለየው።
ማዕበል ሲንጠው ያልተንቀጠቀጠ፣
ያ እጅ ትንሽ ጉድጓድ ሲያይ ደነገጠ።

መካሪ መች አጣ! በየጥጉ ሞልቷል፤
የባንኩ ሥራ አስኪያጅ «ክርንህ ተጣሟል»፣
ዓሣ ነጋዴውም «ጫማህ ነው» ይለዋል፤
የሚስቱ ወንድም ግን፣ ምንም ሳይል፣ ይስቃል።
አዲስ ዱላ ገዛ፣ ውዱን፣ ከኤድንብራ፤
አዲሱም ያንኑ ስህተት ደገመ በተራ።

ሣሩን የምታጭድ ኢንጋ ፍሌት አለች፤
ከጤዛው ጋር ወጥታ ሜዳውን ትላጫለች።
ዱላ ጨብጣ አታውቅ፣ ውድድር አይማርካት፤
ሣሩ ሲያዘነብል ግን እግሯ ነው የሚነግራት።
አንድ ማለዳ ታዲያ ሞተሯን አጠፋች፤
«ቶርፊን፣ እንካ» ብላ ሳንቲም ወረወረች።

«ኳስህን ሳንቲሟ ላይ አስቀምጥና ምታ፤
እሷ ትሂድ፤ ዓይንህ ከሳንቲሟ አይፈታ።
ገባች ወይ አልገባች፣ ጆሮህ ይነግርሃል፤
ቀና ብሎ ማየት ትከሻ ያጣምማል።
መስመር ለማየት ብለህ መሬት ላይ አትለጠጥ፤
አስብ፦ ውኃ ቢደፋ በየት ነው የሚያመልጥ?
ከሩቅ ስትመታም ጉድጓዱን አትመኝ፤
የናፍጣ በርሜል አፍ ይበቃል፣ እመነኝ።
እንግዳህን ሸኘህ፤ ከደጅህ ተመለስ፤
አትከተለው ከኋላ ቤቱ እስኪደርስ።»

ይህን አለችና ሞተሯን አስነሣች።

በታኅሣሥ፣ ፀሐይ በዘጠኝ ስትጠልቅ፣
ኮሪደሩን ያዘው፤ እራትም አይናፍቅ።
ምንጣፉ ላይ ሳንቲም፣ ከበሩ ሥር ኩባያ፤
ድመቷ ሸሸችው፣ ፈልጋ መደበቂያ።
መቶ ጊዜ በቀን፤ እሑድ ግን ሃምሳ፣
ለሚስቱ ዝማሬ፣ ለጸጥታዋ ሲሳሳ።
ጄሲሚና ደግሞ፣ ሹራብ እየሠራች፣
ሳትጠየቅ ከሳሎን ውጤት ታሰማለች፦
«ግድግዳ።»
«ግድግዳ።»
«ወንበር መሰለኝ ያ።»
«ግድግዳ።»
ረጅም ዝምታ።
«ኩባያ።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤
የዚህችኛዋ ግን እግሯ ዘግይቷል።
አንዳንድ ማታ ሠላሳ፣ አንዳንድ ማታ ዜሮ፤
እሱ ግን አላየም፤ ሰማት በጆሮ።

ሚያዝያ፣ ቅዳሜ። ነፋሱ እንደ ልማዱ።
አንድ ሜትር ቀራት ኳሷ ከጉድጓዱ።
የሚስቱ ወንድም ቆሟል፣ ሳቁን አዘጋጅቶ፤
የኢንጋም ማጨጃ ዝም አለ ሣሩን ትቶ።
ሳንቲሟ ዛሬ የለችም፣ ሕጉ አይፈቅድምና፤
ሆኖም ከሣሩ ላይ አያት እንደገና።

መታት።
ሸኛት።
ከደጁ ተመለሰ።

አንድ በግ ከሩቅ ጮኸ፤ ነፋሱም ነፈሰ።
የኳሷን ድምፅ ግን ያው ነፋስ ወሰደው፤
ጆሮው ላይ የቀረ ሌላ ዝምታ ነው፦
የሚስቱ ወንድም፣ ቆሞ፣ አልሳቀም።
ከሩቅ የኢንጋ ሞተር ተነሣ ዳግም።
ቶርፊን ዓይኑ ሣር ላይ፤
ገና ቀና አላለም።