ሲቀዳ የሚፈስ

ሊየፓያ፣ የካቲት፤ ባልቲክ ያጓራል፣
ነፋስ የሱቄን በር ደጋግሞ ይሞክራል።
ስካይድሪቴ ገቡ ካርቶን ተሸክመው፣
የሙዝ ሥዕል ያለበት፣ በሲባጎ አስረው።
ሰባ አንድ ዓመታቸው፤ ጣታቸው ጉጠት፣
ሃምሳውን የፈጁት በፒያኖ ቅኝት።

«ሁለት መቶ ስድስት ሲዲ ነው፤ ቆጥሬያለሁ።
እህቴ ዘንድ ልኖር ቤቴን ሸጬያለሁ፤
እሷ ጋ መደርደሪያ የለም፤ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ።
እዚያ ላይ ቅዳልኝ፤ ያልከኝን እከፍላለሁ።»

እኔም ለመጣ ሁሉ የምጠይቀውን
ጠየቅኋቸው፣ ከፍቼ ያንኑ ዝርዝሩን፦
«መቶ ሃያ ስምንት፤ ትንሽ ነው ፋይሉ።
ሦስት መቶ ሃያን ይመርጣሉ ሁሉ።
ምንም የማይጥልም አለ፣ ልቅም ያለ ሙሉ፤
ቦታ ይበላል እንጂ፣ እሱም አለ፣ ከቻሉ።»

«ሌላው የሚጥለው ምንድን ነው?»
አሉኝ መነጽራቸውን አውልቀው።
«ጆሮ የማይሰማውን ነው፤
ጎላ ያለ ድምፅ ሲመጣ ከሥሩ የተሸሸገውን፣
ቀጭኑን፣ ደካማውን፣
ቢቀር ማንም የማይናፍቀውን።»

«የማን ጆሮ?»

መልስ አልነበረኝም።

«እስቲ ፈትነኝ» አሉ። ወንበር አቀረብኩኝ፤
በገዛ ሻርፓቸው ዓይናቸውን አሰርኩኝ፤
አንዱን ቁራጭ ዜማ ሦስቴ ከፈትኩኝ።
አንገታቸውን ሰበር፣ ጣታቸውን ቀሰር፣
የላላ ክር ፍለጋ እንደሚያስሱት ነበር።
«ይሄኛው ነው ዋናው» አሉ ያለ ጥርጥር።

መቶ ሃያ ስምንቱ ነበር።

ትራሙ ከደጅ ሃዲዱን እየፋቀ አለፈ፤
ሻርፑን ሲፈቱት እጃቸው ቋጠሮው ላይ ሰነፈ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
ሃምሳ ዓመት ያኖረም አንድ ቀን ይከዳል።
«በል ትንሿን አድርጋት» አሉ ሳቅ ብለው፤
«ለማልሰማው ነገር ቦታ ምን ሊሠራ ነው?»

ሦስት ቀን ተመላለሱ። ማሽኑ ሲውጥ፣ ሲተፋ፣
እሳቸው ማሞቂያው ጥግ ካልሲ ሲጥፉ፣ ቀኑ ሲገፋ፣
መቶ ዘጠና ሦስተኛው ላይ ደረስን፤ ሽፋን የለውም፣
«አዳራሽ፣ ጥር» ከሚል የእስክሪብቶ ጽሑፍ በቀር ስም የለውም።

መቀዳቱን ላረጋግጥ መጨረሻውን ከፈትኩ።
ፒያኖው ደህና ነው። ጭብጨባው ሲነሳ ግን
ጭብጨባ አይመስልም፤
ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ አሸዋ ነው፣
መዳፍ ከመዳፍ የማይለይበት።

«አቁም!» አሉ፤ መርፌው ከነክሩ ወለል ላይ ወደቀ።
«ከግራ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣
ዘግይቶ የሚያጨበጭብ አንድ ሰው ነበረ።
የአዳራሹ ማሞቂያ ተበላሽቶ ነበር፤
ወፍራም ጓንት አድርጓል፣ ድፍን ያለ ድምፅ ነው፣ ዱፍ የሚል።
ሰው ሁሉ ሲያበቃ ሁለት ይጨምራል።
ለልጅቷ አይደለም፣ ለተጫወተችው፤
ለእኔ ነው፣ ጠዋት ፒያኖውን ለቃኘሁት።
በሃምሳ ዓመት ውስጥ ለቃኚ ያጨበጨበ ኢማንትስ ብቻ ነው፤
በኋላም አገባሁት።
እሱን የት አደረግኸው?»

በቀን ስንት ጊዜ «ቅዳ» ይሉኛል፤
ቃሉ የባልዲም ቃል መሆኑን ረስቼው ነበር፦
ከባልዲ ወደ ጠርሙስ ሲቀዳ ጠብ የሚለውን
መሬት ይጠጣዋል፣
ማንም አይቆጥረውም።

ሲዲውን መልሼ ከተትኩት። ምንም የማይጥለውን መረጥኩ።
«የቀሩትንስ?»
«የቀሩትን እንደጀመርከው።»

የመጨረሻው ትራክ ላይ ጭረት አለ።
ማሽኑ ቀስ አለ፤ አነበበ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ አነበበ፤
ሰማንያ ሦስት በመቶ ላይ ቆሞ ያጉረመርማል።
የመዝጊያ ሰዓት አልፏል፤ የደጁን መብራት አጠፋሁ፣
እሳቸው ወንበራቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ።

ሰማንያ አራት። ዘጠና። አለቀ።
ጭብጨባው ተነሳ፣ መዳፍ መዳፉ ተለየ፣
ሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ፣ አበቃ።

ዱፍ።

ስካይድሪቴ ጣታቸውን ቀስረው
ሁለተኛውን ይጠብቃሉ።