ሦስተኛው ምክንያት

ሦስት ዳኞች ገቡ። ተነሣን፤ ተቀመጥን።
ኢየሩሳሌም፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት።
አቶ ገቴ ከጎኔ ኮፍያቸውን ይዘው ግራ ገብቷቸዋል፤
ዳኛ ፊት ይወለቃል፣ እግዜር ፊት ይደፋል፤
ይህ የማን ፊት እንደሆነ ማን ይንገራቸው?
የእኔ ሥራ ሹክሹክታ ነው፤
ከዕብራይስጥ ቀድቼ ላንድ ጆሮ አፈሳለሁ፣
በሰዓት ይከፈለኛል።

«አንደኛ» አሉ ዳኛዋ፣
ድምፃቸው መድኃኒት በማንኪያ እንደምትለካ ሴት፤
«ጸቡ የተነሣው ቂርያት ጋት፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣
ለአራት ሺህ ሼቄል ብድር ነው።
እዚያው ቢወጋው ኖሮ ቁጣ ነው ባልን።
ይግባኝ ባይ ግን ወደ ቤቱ ሄደ፤
አርባ ስምንት ደረጃ ወጣ፤
የእናቱን መሳቢያ ከፈተ፤
አርባ ስምንት ደረጃ ወረደ።
በመግቢያው ካሜራ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው።
በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ መመለስ ይቻል ነበር።»

«አሥራ አንድ ደቂቃ» አልኳቸው።
«ምን ያህል ነው?»
«ውሃ እስኪፈላ።»
ይህ ትርጉም አይደለም፤ በደንባችን ክልክል ነው።

«ሁለተኛ፤ ታናሽ እኅቱ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር።
‹ወዴት ነው?› አለችው።
‹ዳቦ ልገዛ› አላት።
ቀኑ ዓርብ ነው፤ ፀሐይ ጠልቃለች፤
በዚያ ሰፈር በሰንበት ዋዜማ የሚከፈት ዳቦ ቤት የለም።
ውሸት ለማሰናዳት ጊዜ ያገኘ ልብ
ለማሰብም ጊዜ ነበረው።»
አቶ ገቴ እኔን አልጠበቁም።
ከዚያ ሁሉ ዕብራይስጥ «ሌኸም» የምትለዋን ለይተው ሰሙ፤
ሃያ ዓመት በዳቦ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሠርተዋል።

«ሦስተኛ» ሲባል እጄ ቀዘቀዘ።
ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ፖሊስ ጣቢያ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣
ደሳለው፣ ዕብራይስጡ ሁሉ ጠፍቶበት፣
«የእጁን አገኘ» አለ፣ በእናቱ ቋንቋ።
መርማሪው ወደ እኔ ዞረ።
«የሚገባውን አገኘ» ብዬ አስጻፍኩ፤
በዕብራይስጥ አራት ቃል፣ ደረቅ፣ እንደ ማኅተም።
ድምፁ እንዴት እንደ ወረደ ግን አላስጻፍኩም፤
«የእጁን» ሲል
የገዛ እጁን እያየ እንደ ነበርም።

ሦስት ዓመት ያቺን ቃል ሌሊት አኘክኋት፤
ባንድ ጎኗ ፍርድ፣ ባንድ ጎን ለቅሶ ናት፤
ልውጣት ብል እምቢ አለች፣ ልትፋትም ፈራኋት።

«ጠበቃው እንዳሉት» ይላሉ ዳኛዋ፣
«ቃሉ ለሁለት ይፈታ ይሆናል።
የትኛው እንደሆነ መወሰን አያስፈልገንም።
ተፍቆ ቢወጣም ደረጃው ይቀራል፣
ዳቦው ይቀራል፣ ደቂቃው ይቀራል።
የጥፋተኝነት ውሳኔው ጸንቷል።»

እፎይ አልኩ።
አንድ ልጅ ዕድሜ ልኩን ሲቆለፍበት
እኔ እፎይ አልኩ፤
ከዚያ በኋላ ነው ያፈርኩት።

አቶ ገቴ ክንዴን ነካ አደረጉ፦
«ይግባኝ ብለን ነበር። ገባ?»
«አልገባም።»
«እኔም አልገባኝም» አሉ፣
ኮፍያቸውንም አደረጉ።

ኮሪደሩ ላይ፣ የውሃ ማሽኑ አጠገብ፣
ወይዘሮ ስመኝ እጅጌዬን ያዙ፤ የሟች እናት ናቸው።
ሕጉ ለእሳቸው አስተርጓሚ አይመድብም።
«ምን አሉ?»
«ጸና አሉ።»
ይህን አልነበረም የጠየቁኝ።
«ያየህን... ስሙን ጠሩት?»

ሃያ ስድስት ገጽ ነው፤ በቀረው ሁሉ «ሟች» ይለዋል።
«ሁለት ጊዜ» አልኳቸው።
ቆጥሬ ነበር።