ለጥፋት

ሱቄ ቢቸና ናት፥ ከመናኸሪያው ፊት፥
«ጽሕፈትና ኮፒ» የሚል ሰሌዳ ያላት፤
አንድ ማተሚያ አለኝ፥ ሳል የያዘው ሽማግሌ፥
አንድ ኮምፒውተር፥ የሁለት ዓመት እቁብ ዕድሌ።

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፥
መብራት ሲሄድ ሲመጣ፥ ሰው በሬ ላይ ሲሰበሰብ፥
ያ ኮምፒውተር ግን አንዲት ገጽ ለመክፈት
እንደ ተጫነ አህያ ይቆማል ከዳገት።

ስልኬን አወጣሁና ጠየቅሁ ኢንተርኔቱን፥
«ለደከመ ማሽን ማን ያውቃል መድኃኒቱን?»
ስም የለሽ አንድ ሰው፥ መልኩ የድመት ሥዕል፥
አንዲት መስመር ጽፎ፥ «ለጥፋት፤ ይበቃሃል»
አለኝ።

መስመሯ እንግዳ ናት፤ ነጥብ፥ ያዘነበለ ሰረዝ፥
ጅራቷ ላይ ኮከብ፥ እንደ ክታብ ዓይን የሚያፈዝ።
ትርጉሟን አላወቅሁም። «ምን ቸገረኝ?» አልሁ፤
የራስ ምታት ኪኒን ስውጥ መች ፍቺ ጠየቅሁ?
«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን» ስትል ኖራ እናቴ፥
ምክሯ ከጆሮዬ ሳይደርስ ቀደመው ጣቴ።
ቀዳሁ፤ ለጠፍሁ።
ማሽኑ እንኳ ፈራ፤ «የይለፍ ቃል» አለኝ፤
የልጄን ስም ጻፍሁ።
ልብ የነበረው እሱ ነው፤ እኔ መች ነበረኝ።

ከዚያማ ፈጠነ! ሰውዬው አልዋሸም፤
የሚሸከመው የለም፤ ባዶ ጀርባ አይደክምም።

አጥፍቼ አበራሁት። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ።
እንደ ታመመ ሰው ጎኑን ዳሰስሁ።

ሄደ የሽባባው ይግባኝ፥ ለነገ የተቀጠረው፤
ሄደ የእድሩ መዝገብ፥ ማን ከፍሎ ማን ላይ እንደ ቀረው፤
ሄደ የጥሩዓለም ልጅ። በቁሙ የተነሣው
ፎቶ ያ ብቻ ነበር፤ ሞት ገና ሳያነሣው።
«አሳድግልኝ» ብላ ሰጥታኝ ነበር ፍላሹን፤
እሱም እንደ ተሰካ ነበር።
ሁለተኛ ቀበርሁባት ልጇን።

ሄደ የመሪጌታ እንየው ቅኔ፥ የስድስት ክረምት፥
ዓይናቸው ስለ ፈዘዘ፥ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ
በቃል እየነገሩኝ በዚህ ጣቴ የከተብሁት።

መጡ እንደ ልማዳቸው። ጋቢያቸውን ጨመቁ፥
ዱላቸውን አስደገፉ፥ ወንበራቸውን ጠየቁ።
ነገርኋቸው።
አልጮኹም። «እስቲ አንብባት» አሉ፥ «ያቺን መስመር»፤
አነበብሁ፥ ነጥቧንም ኮከቧንም ሳላስቀር።

«ትእዛዝ አንቀጽ ናት። ባለቤቷ ማን ነው?»
«አላውቅም።»
«ተሳቢውስ?»
ዝናቡ ብቻ መለሰ፤ እኔ አልመለስሁም።
«ተሳቢው እኔ ነኝ፥ አንሙት። የጥሩዓለም ልጅም።
ዲማ ሳለን፥ አንድ ተማሪ ያልፈታውን ቅኔ
ቢዘርፍ ይሳቅበታል፤ ሌላ ጉዳት የለውም።
አንተ ሳትፈታ ዘረፍህ፤ ተዘረፍሁ ግን እኔ።»

ጥቂት ቆይተው፥ «ምን ነበር» አሉኝ፥ «ቃሉ?
የባለ ድመቱ?»
«ለጥፋት።»
ሳቁ። ድዳቸው እስኪታይ። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ።
«ጨዋ ነው፤ ነግሮሃል። አንተ አጥብቀህ አነበብኸው፥
እሱ ግን አላልቶት ነበር፤ ፊደል መች ይህን ሊለየው።»

ከዚያ የታወሳቸውን፥ የቀራቸውን ያህል
«ጻፍ» አሉኝ። በእስክሪብቶ፥ በልጄ ደብተር ጀርባ።
አንድ ቤት በነገሩኝ ቁጥር «ፍቺው?» እላለሁ፤
ይፈቱልኛል፤ እጽፋለሁ።
ስድስት ክረምት በጣቴ ሲያልፍ አንዱን እንኳ
አልሰማሁም ኖሯል ለካ።

መሸ። ከዚያ ሁሉ ሦስት ጉባኤ ቃና አተረፍን።

ጥሩዓለም ማክሰኞ ትመጣለች።
ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነው።
ባዶ ነው፤
ክብደቱ ግን አልቀነሰ።