ነጥብ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ትራብዞን ዝናብ ነው፣
ጥቁር ባሕር ከታች የሚያጉረመርመው።
ነስሊሃን ተረኛ፣ የሁለተኛ ዓመት፣
ጠዋት ነው የገባች፣ ትናንት ጠዋት ማለት፤
ሲነጋም አትወጣም፤ ሠላሳ ስድስት ሰዓት
ዝናቡ ሳያባራ ገና ደረሰ እኩሌት።

ማታ የቀዳችው ሻይ በቀጭን ብርጭቆ
ሳይነካ ቀዝቅዟል፣ ስኳሩ ሥሩ ወድቆ።
አራት አዲስ ገቢ፣ አንድ ከአልጋ የወደቀ፣
የአንዱን ሞት ፈርማ፣ ወንድሙ በር ላይ እየጠበቀ፣
ቆማ ትጽፋለች። ዐይኗ ይከደንና
ቃሉ ሳያልቅ በፊት ይገለጣል እንደገና።

አልጋ አሥራ አንድ ላይ ሑሳመቲን ኡስታ፣
ጀልባ ሲጠግኑ የኖሩ ከንጋት እስከ ማታ፣
ዛሬ የገዛ ልባቸው ምቱ ተምታታ።
መድኃኒቱን ታውቃለች፣ ተኝታም ታውቃለች፣
ሩብ ሚሊግራም ነው፤ ለሌላ አስተምራለች።
ግን ዜሮው ተዘለለ፣ ነጥቧም ፈቀቅ አለች፣
ሩብ የነበረችው ሁለት ተኩል ሆነች።
ከቁንጫ ታንሳለች፣ ከሰናፍጭ ፍሬ፣
የሰው ልብ ለማቆም ትበቃለች ዛሬ።

ነርሷ ጉሊዛር ናት ወረቀቱን ያየች፤
መርፌውን ሳትከፍት መነጽር አደረገች።
አልጮኸችም። መጣች።
"ዶክተር፣" አለች ቀስ ብላ፣ "የእኔ ዐይን ነው መሰል፣
ይሄ ሩብ ነው ወይስ ሁለት ተኩል?"

የራሷን እጅ ጽሕፈት እንደ ባዳ አየችው።
ሰረዘች። ጻፈች።
ጣቷ ነው ከዚያ በኋላ የተንቀጠቀጠው።

ጠዋት በዙሩ ላይ ፕሮፌሰሩ ሳቁ፦
"በእኛ ዘመን ሦስት ቀን ነበር፣ እወቁ፤
ሐኪም በድካም ነው የሚበስል!" አሉ።
ነጭ የለበሱት ጫማቸውን አዩ።
ነስሊሃን በልቧ፦ ምድጃ ላይ የቆየ
ስንተኛው ሰዓት ላይ ነው መብሰሉ አብቅቶ
ማረር የሚጀምረው?

ኡስታ ትራስ ተደግፈው ሾርባ እየጠጡ ነው፤
ምንም አልሰሙም።
"ልጄ፣ ገርጥተሻል፤ ተኝተሻል?" ቢሏት
"ተኝቻለሁ" አለች።
ጉሊዛር ቀና ብላ አየቻት።

ትልቁ መዝገብ ለዳነ፣ ለሞተ፣ ለወደቀ ቦታ አለው፤
"ሊሆን ነበር" ለሚባል ግን ዓምድ የለው።

ማታ ስትወጣ የሰዓት ቅጽ ሰጧት፣
ሕጉ የሚፈቅደው ቁጥር ቀድሞ ታትሞበት።
ፈረመች።
ከስሟም ቀጥላ አንዲት ነጥብ ጣለች፣
ልክ በቦታዋ።