የተረፈው

ሠላሳ ዓመቴ ነው ቧንቧ ስፈታታ፣
ኮይምብራ ሆስፒታል፣ ከመሬት በታች፣ ጠዋትም በማታ።
አንሰልሞ ነው ስሜ፤ የሚያስታውሱኝ ግን ውኃ የቆመ ለት፤
ቁልቁል ከወረደ፣ ማን ዝቅ ብሎ ያያል የቧንቧ ሰው ቤት?

ዶክተር ፊሎመና ግን ወረደች በሌሊት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
"ቁልፍህን ይዘህ ና፣ አምስተኛ ፎቅ" አለች፣ ሰላምታውን ዘላ።
በስምንት ወር ውስጥ አራት ሰው ታሟል፣
አራቱም ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ የተኛ፤
ደም ውስጥ የሚዘራ፣ ስሙ ለምላሴ ያስቸገረኝ፣ ብርቅ የሆነ መጋኛ።

"ኩሬና አፈር ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል፤ ጤነኛ ሰው አይነካ፤
ብርቅ ነው" አለችኝ። ብርቅ ሁሉ ወርቅ አይደለም ለካ።

የነርሶቹን መዳፍ፣ የአልጋውን ብረት በጥጥ ጠራርጋ፣
መጋረጃ አውርዳ፣ የትንፋሽ ቱቦውን አንድ በአንድ ፈልጋ፣
ምንም አላገኘች።
የቀራት አንድ ነገር፣ እጅ መታጠቢያው ነው፤
ሊያነጻ የቆመን፣ ማን ደፍሮ ይክሰሰው?

ፈታሁት።
ውኃው ከሚታጠፍበት፣ ከቧንቧው ጉልበት ላይ፣
ጣት የሚያህል ልጋግ፣ ግራጫ፣ ወዛም፣ እንደ ቀንድ አውጣ ሆድ የሚታይ።
እኔ በሥራዬ የባሰ አይቻለሁ፤
የሠርግ ቀለበት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አንዴም የሞተ አይጥ ጎትቼ አውጥቻለሁ።
እሷ ግን ስታየው እጇ ተንቀጠቀጠ፤
የሷን እጅ ባይ ጊዜ የኔም ሆድ ተናጠ።

"እዚህ ምን ደፋችሁ?" ብላ ስትጠይቅ፣
ነርሷ ግራሲንዳ አንገቷን ደፋች፣ ዓይኗን ከኛ ስትሰርቅ፦
"ከከረጢቱ ግርጌ የቀረ ጠብታ፣ ከመርፌ የተረፈ አንቲባዮቲክ ነው፤
የቆሻሻው ቅርጫት ከኮሪደር ማዶ፣ መታጠቢያው ቅርብ ነው፤
ሌሊቱም ጥድፊያ ነው።"
ማን ይፈርድባታል? አንዲት ሴት፣ ለዐሥራ አራት አልጋ።

እንግዲህ እንዲህ ነው፤
ከላይ ለሰው ሰጠን፣ ከታች ለሱ ደፋን፣
መግደያውን በጠብታ፣ እንደ ፊደል ገበታ፣ በየቀኑ አስጠናን።
ደካማው አለቀ።
የተረፈውን ደፋን፤ የተረፈው ለመደ፤
ሊገድለው የመጣን ቀለቡ አድርጎ፣ ወፍሮ ወለደ።
"መድኃኒት የተላመደ" ይሉታል ሐኪሞች፤ ሲሰሙት የዋህ ቃል፣
እንደ ቤት ድመት ነው፣ ከእግር ሥር የሚተኛ፣ ሲጠሩት ይመጣል።
ይሄኛው ሳይጠሩት መጣ።

ሦስቱን አላውቃቸውም፤ ስማቸው ተነሥቶ አልጋው ብቻ ቀረ።
አራተኛዋ ኢዳሊና ነበረች፣
ልቧ ተጠግኖ፣ ለቤቷ ሦስት ቀን የቀራት፣ ሻንጣ ያስመጣች።
ወንድሟ ቪርዢሊዮ፣ ጡረተኛ ባቡር ነጂ፣ በመጣ ቁጥር ማታ፣
የግድግዳው ማስታወቂያ እንዳዘዘው፣ ሃያ እስኪሞላ ቆጥሮ፣
በሳሙና፣ እስከ ክርኑ፣ ይታጠባል በእርጋታ።
ከጉድጓዱ አፍ የተፈናጠረች፣ ዓይን የማያያት ፍንጥቅታ
አንሶላዋ ላይ ዐረፈች።
በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ ጠንቅቆ ታጥቦ አያውቅም።

ዶክተሯ ክቡን ሳህን ወደ መብራት ይዛ አሳየችኝ፦
ዐሥር መድኃኒት፣ ዐሥር ነጭ ነጥብ፤ ጀርሙ ቢፈራቸው
ዙሪያቸው ባዶ ሜዳ መሆን ነበረበት፤
ዘጠኙን እንደ ሣር በቅሎ አለበሳቸው።
ዐሥረኛው፣ ያረጀው፣ ኩላሊት ይጎዳል ተብሎ ከመደርደሪያ የወረደው፣
ጠባብ ክብ ሠራ፤ እሱን ሰጧት፤ ሌላ ምን አለ በእጅ የቀረው?

ኢዳሊና ተረፈች። ኩላሊቷ አልተረፈም።
አዲስ ቧንቧ ገጠምኩ፤ በስድስተኛው ሳምንት
አራተኛ ፎቅ ላይ ተገኘ፤ እሱም አልጠፋም።

ትናንት ቪርዢሊዮ ከአዲሱ መታጠቢያ ፊት
እጁን ዘርግቶ ቆሞ አየሁት፣ ውኃው ሳይከፈት።
"ልታጠብ?" አለኝ፣ እንደ ሕፃን።
መፍቻዬን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩት።
"ታጠብ" አልኩት።
"ታጠብ" አልኩት ደግሜ፣
የፊተኛው ድምፄ እኔኑ ስላላሳመነኝ።